ሁለተኛውን ምርመራ ጠይቁ፦ ግራ የሚያጋባ የሄፓታይተስ ሲ ውጤት እንዴት ይነበባል?



ከኮንሶ ወደ ወይጦ ቆላ ወርዶ ወደ ቱርሚ የሚያልፍ መንገደኛ አርቦሬን በመንገዱ ያገኛታል። የአርቦሬ ሕዝብ በሐመር ወረዳ፣ በወይጦ ወንዝ የታችኛው ዳርቻ፣ ወደ ጨው ባሕር በሚወስደው ሜዳ ላይ ከብት እያረባ፣ ማሽላ እየዘራ ይኖራል። እዚያ ያለ አንድ ጎልማሳ ድካም አልለቀው ብሎ ጤና ጣቢያ ሄደ እንበል። ደም ሰጠ፣ ጠበቀ፣ ወረቀት ተሰጠው። ወረቀቱ ላይ «ኤች ሲ ቪ፦ ፖዘቲቭ» ተብሏል። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ባለሙያው ያስረዳው በአማርኛ ነው፤ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱና ለሽማግሌዎቹ የሚናገረው ደግሞ በአርቦሬኛ ነው። ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «ታዲያ በሽታው አለብህ ወይስ የለብህም?»

ይህ ሰው ለምሳሌ ያመጣሁት ነው። ጥያቄው ግን በጂንካም፣ በአርባ ምንጭም፣ በአዲስ አበባም በየቀኑ ይጠየቃል። መልሴን ከወዲሁ ልናገርና ወደ ማስረጃው ልግባ። ያ ወረቀት ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። ኪቱ ጥሩ፣ ባለሙያውም ጠንቃቃ ቢሆን እንኳ መልስ የለውም፤ ምክንያቱም የተደረገው ምርመራ የተሠራው ሌላ ጥያቄ ለመመለስ ነው። ስለዚህ ግራ የገባው ሰው ማድረግ ያለበት ውጤቱን መፍራት ወይም መናቅ ሳይሆን ምርመራውን ማስጨረስ ነው።

ለደም ባንክ የተወለደ ምርመራ

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሐኪሞች አንድ ነገር ይታዘቡ ነበር። ደም የተሰጣቸው አንዳንድ ሕሙማን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጉበታቸው ይታመማል፤ ሲመረመሩ ግን ሄፓታይተስ ኤም ሄፓታይተስ ቢም አይገኝባቸውም። መንስኤው ስላልታወቀ «ኤም ቢም ያልሆነው» እየተባለ ቆየ። አሜሪካዊው ሐኪም ሃርቬይ አልተር በሽታው በደም የሚተላለፍ መሆኑን አሳየ፤ በ1989 ማይክል ሃውተንና ባልደረቦቹ ቫይረሱን ለይተው ሄፓታይተስ ሲ አሉት፤ ቻርልስ ራይስ ደግሞ ይህ ቫይረስ ብቻውን በሽታውን እንደሚያመጣ አረጋገጠ። ሦስቱ በ2020 የሕክምናውን የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት አንድ ነገር ስለሚያስረዳን ነው። ቫይረሱ እንደተገኘ ወዲያው የተሠራው ምርመራ ሥራው የተለገሰ ደም ማጣራት ነበር። የደም ባንክ ባለሙያ የሚፈራው አንድ የተበከለ ከረጢት ሳይታይ እንዳያልፍ ነው፤ ለዚህ ሲል ጥቂት ንጹሕ ከረጢቶች ቢጣሉ ግድ የለውም። ስለዚህ ምርመራው ሲበዛ ተጠራጣሪ ሆኖ ተሠራ። በአገራችንም የሚለገስ ደም ሁሉ ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ፣ ለሄፓታይተስ ሲና ለቂጥኝ ይመረመራል። ከረጢቱ ቢጣል የሚቆጭ የለም። ያው ተጠራጣሪ ምርመራ ግን አንድን ሰው «ታመሃል» ለማለት ሲውል ነገሩ ይለወጣል።

ዱካውና አውሬው

ሰውነታችን ባዕድ ነገር ሲገባበት የሚዋጋበትን ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል፤ በላቦራቶሪ ቋንቋ አንቲቦዲ ይባላል። የመጀመሪያው የሄፓታይተስ ሲ ምርመራ የሚፈልገው ቫይረሱን ሳይሆን ይህን አንቲቦዲ ነው። ከብት ጠባቂ በበረቱ ዙሪያ የጅብ ዱካ ቢያይ ጅብ በዚህ በኩል አልፏል ይላል እንጂ ጅቡ አሁን በረት ውስጥ ነው ብሎ አይምልም። አንቲቦዲ ዱካ ነው። ቫይረሱ ካለፈም በኋላ፣ በመድኃኒት ከጠፋም በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ በደም ውስጥ ይቆያል።

ቫይረሱ በራሱ ጊዜ ሊያልፍ ይችላል? አዎ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሄፓታይተስ ሲ ከተያዙ 100 ሰዎች 30 ያህሉ፣ ማለትም ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት፣ ምንም መድኃኒት ሳይወስዱ በ6 ወር ውስጥ ቫይረሱን ከሰውነታቸው ያስወጡታል። የቀሩት ላይ ሥር ይሰዳል። ሥር ከሰደደባቸው 100 ሰዎች ደግሞ ከ15 እስከ 30 የሚሆኑት በ20 ዓመት ውስጥ የጉበት ጠባሳ፣ ሐኪሞች ሲሮሲስ የሚሉት፣ ያጋጥማቸዋል። ያለፈለት ሰውም፣ ሥር የሰደደበት ሰውም በመጀመሪያው ምርመራ «ፖዘቲቭ» ናቸው። ኪቱ አይለያቸውም።

ኪቱን ቀረብ ብለን ስናየው

በጤና ጣቢያ የሚሠራው ፈጣን ምርመራ ከጣት የምትረዝም የፕላስቲክ ቁራጭ ናት። በአንዱ ጫፍ ባለው ጉድጓድ ላይ የደም ጠብታ ይደረጋል፤ ከዚያ ከትንሽ ጠርሙስ ፈሳሽ ይንጠባጠብበታል። ፈሳሹ ደሙን ይዞ በወረቀቱ ላይ እየሰረገ ይሄዳል። መሐል ላይ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደሎች አሉ፦ «ሲ» እና «ቲ»። በ«ሲ» አጠገብ ቀይ መስመር ሁልጊዜ መታየት አለበት፤ ኪቱ በትክክል መሥራቱን ይናገራል። ካልታየ ምርመራው አልተሠራም፤ በሌላ ኪት ይደገማል። ስለ ሰውየው የሚናገረው በ«ቲ» አጠገብ ያለው መስመር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ሲ» የሚለውን አይቶ ሄፓታይተስ ሲ ተገኘብኝ ብሎ የሚደነግጥ አለ። ያቺ ፊደል ለሄፓታይተስ ቢ፣ ለወባም፣ ለእርግዝናም በሚሠሩ ኪቶች ላይ ትገኛለች፤ ከበሽታው ስም ጋር ምንም አያገናኛትም።

ሁለተኛው ችግር የደበዘዘ መስመር ነው። ባለሙያው ወደ መስኮት አዙሮ ያየዋል፤ አለ ሲሉት የለም፣ የለም ሲሉት አለ። ሕጉ ቀላል ነው፦ በተወሰነው ደቂቃ ውስጥ የታየ መስመር ቢደበዝዝም እንደ ፖዘቲቭ ተቆጥሮ ወደ ማረጋገጫ ምርመራ ይላካል። መስመሩ መደብዘዙ በሽታው ትንሽ ነው፣ መድመቁም በሽታው ከባድ ነው ማለት አይደለም። ሦስተኛው ችግር ሰዓት ነው። እንደ ኪቱ ዓይነት ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ መነበብ ያለበት ኪት ወረፋ በዝቶ ከሰዓት በኋላ ቢነበብ፣ በደረቀው ወረቀት ላይ የሚታየው መስመር አይታመንም።

አራተኛው ችግር የቆላው ሙቀት ነው። ብዙዎቹ ኪቶች ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ እንዲቀመጡ ሣጥናቸው ላይ ተጽፏል። በጂንካ ወይናደጋ ይህን መጠበቅ አይከብድም። በወይጦ ቆላ ግን የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ያልፋል፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ደግሞ ይብሳል። በሙቀት የተጎዳ ኪት ያለውን የለም ሊል ይችላል። የጤና ጣቢያ ኃላፊዎች ለክትባት ማቀዝቀዣ የሚሰጡትን ጥንቃቄ ለኪት መጋዘንም መስጠት አለባቸው።

ቆላው የሚያሳስተው ደም

ሌላው የማሳሳቻ ምንጭ ያለው ሰውነት ውስጥ ነው። ብዙ በሽታ የሚፈራረቅበት ሰው ደም በአንቲቦዲ የተሞላ ነው፤ ከመካከላቸው አንዱ ከኪቱ ጋር በስህተት ሊጣበቅ ይችላል። በዩጋንዳ ራካይ ወረዳ ተሠርቶ በ2013 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በመጀመሪያው ምርመራ የሄፓታይተስ ሲ ፖዘቲቭ ከተባሉት ሰዎች አብዛኞቹ በማረጋገጫ ምርመራ ኔጌቲቭ ሆነዋል።

የሰገንና የወይጦ ሸለቆዎች ደግሞ ከወባ በተጨማሪ ካላዛር የሚገኝባቸው ናቸው። ካላዛር በአሸዋ ዝንብ ይተላለፋል፤ ትኩሳቱ ሳምንታት ይቆያል፣ ሰውነት ይከሳል፣ ጣፊያና ጉበት ያብጣሉ። በበሽታው ወቅት ሰውነት አንቲቦዲ ያለ ልክ ያመርታል። ሆዱ ያበጠ ሰው በሄፓታይተስ ሲ ኪት ላይ ደብዛዛ መስመር ቢያሳይ ሐኪሙ «ምክንያቱ ተገኘ» ብሎ ቢያቆም፣ ሳይታከም ቢቀር የሚገድለው ካላዛር ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። የጉበት ችግር ሁሉ ቫይረስ አይደለም። በትግራይ ታሕታይ ቆራሮ፣ ጸዓዳ እምባ በተባለች ስፍራ፣ ብዙ ሰው የጨረሰው የጉበት በሽታ ሲመረመር የተገናኘው ከአረም መርዝ ጋር ነበር።

ቁጥሩ ምን ይላል?

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የመረጥኳቸው ናቸው። 1,000 ሰዎች ተመረመሩ እንበል። ከነሱ ውስጥ ቫይረሱ በእርግጥ የነካቸው 10 ናቸው። ኪቱ ከ100 ጊዜ 99 ጊዜ ትክክል የሚናገር በጣም ጥሩ ኪት ነው። 10ሩን ሁሉ አገኛቸው። ቫይረሱ ካልነካቸው 990 ሰዎች ውስጥ ግን ከመቶ አንዱን፣ ማለትም 10 ያህሉን፣ በስህተት ፖዘቲቭ አላቸው። ወረቀት ይዘው የወጡት 20 ናቸው። ከነሱ 10ሩ ከቫይረሱ ጋር ተገናኝተው አያውቁም። ከቀሩት 10 ውስጥ ደግሞ 3ቱ በራሳቸው ድነዋል። ስለዚህ ከ20 ፖዘቲቭ ሰዎች ዛሬ ቫይረሱ ያለባቸው 7 ገደማ ናቸው።

በሽታው በበዛበት አገር ሒሳቡ ይቀየራል። ግብፅን እንይ። ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ የቢልሃርዚያ ሕሙማን በዘመቻ መርፌ ይወጉ ነበር፤ መርፌው በደንብ ሳይቀቀል ከሰው ወደ ሰው ስለዞረ ቫይረሱ በአገሪቱ ተሠራጨ። በ2018 እና በ2019 የግብፅ መንግሥት ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው መረመረ። እዚያም ቢሆን ፖዘቲቭ ከተባሉት መካከል ሁለተኛውን ምርመራ ካደረጉት፣ ከአራቱ አንዱ ገደማ ቫይረስ አልተገኘበትም። በኢትዮጵያ ደግሞ በተለያዩ ቦታዎች የተሠሩ ጥናቶችን ደምሮ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ትንታኔ የአንቲቦዲ ምርመራ ፖዘቲቭ የሆኑትን 3.1 ከመቶ አድርጎ ገምቷል። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ አንቲቦዲ ነው፤ ዛሬ ቫይረሱ ያለባቸው ከዚያ ያንሳሉ።

በአንድ ወረቀት ላይ ያሉት ፖዘቲቮች

ግራ መጋባቱን የሚያባብሰው ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ አብረው መመርመራቸው ነው። በአንድ ወረቀት፣ በተከታታይ መስመር ይጻፋሉ። የሄፓታይተስ ቢ የተለመደው ኪት የሚፈልገው የቫይረሱን የራሱን ሽፋን ነው፤ ስለዚህ ፖዘቲቭ ከሆነ ቫይረሱ አሁን አለ። የሄፓታይተስ ሲ ኪት ፖዘቲቭ ከሆነ ግን ቫይረሱ ምናልባት አለ፣ ምናልባት አልፏል፣ ምናልባትም አልነበረም። ሄፓታይተስ ቢ ሌላም ምርመራ አለው፤ ከክትባት በኋላ የሚታየውን የመከላከያ አንቲቦዲ ይፈልጋል፤ እሱ ፖዘቲቭ ሲሆን ሰውየው ተጠብቋል ማለት ነው። እንግዲህ አንዱ ፖዘቲቭ «አለብህ»፣ ሁለተኛው «ገና አልታወቀም»፣ ሦስተኛው «እንኳን ደስ ያለህ» ይላል። የትኛው ምርመራ እንደሆነ ሳይጠይቁ ማዘንም መደሰትም አይቻልም።

ሁለቱን መለየት ለሕክምናም ያስፈልጋል። የሄፓታይተስ ሲ መድኃኒት የሚጀምር ሰው አስቀድሞ ለሄፓታይተስ ቢ መመርመር አለበት፤ ሲው ሲጠፋ ተኝቶ የነበረው ቢ ሊነሳ ይችላልና። ለቢ ክትባት አለ፤ በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ለሕፃናት ከሌሎች ክትባቶች ጋር ይሰጣቸዋል። ለሲ እስካሁን ክትባት የለም።

ነገሩን የሚቋጨው ምርመራ

ሁለተኛው ምርመራ አውሬውን ራሱን ይፈልጋል። የቫይረሱን አር ኤን ኤ፣ ማለትም የዘር ቅንጣቱን፣ በማሽን አባዝቶ ይቆጥራል፤ የቫይረስ መጠን ወይም ቫይራል ሎድ ምርመራ እየተባለ ይጠራል። ብዙዎቻችሁ በቲቢ ምርመራ ስሙን የምታውቁት ጂንኤክስፐርት ማሽን ለሄፓታይተስ ሲ የሚሆን የራሱ ካርትሬጅ አለው። ማሽኑ መኖሩ ብቻ ግን አይበቃም፤ ካርትሬጁ መግባቱን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ውጤቶቹ እንዲህ ይነበባሉ።

አንቲቦዲ ፖዘቲቭ፣ አር ኤን ኤ ፖዘቲቭ ከሆነ ቫይረሱ አለ፤ ሕክምና ያስፈልጋል። ከ2013 ወዲህ የመጡት የሚዋጡ መድኃኒቶች፣ ሶፎስቡቪርና አብረውት የሚሰጡት እንደ ዳክላታስቪር ያሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ በ12 ሳምንት ከ100 ሰዎች 95ቱንና ከዚያ በላይ ያድናሉ።

አንቲቦዲ ፖዘቲቭ፣ አር ኤን ኤ ኔጌቲቭ ከሆነ ዛሬ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ የለም። ወይ አልፎለታል፣ ወይ ታክሞ ድኗል፣ ወይ የመጀመሪያው ውጤት ስህተት ነበር። ሦስቱን መለየት ለሰውየው ብዙ አይጠቅመውም፤ መድኃኒት አያስፈልገውም። በቅርብ ጊዜ ለተበከለ መርፌ ወይም ደም ተጋልጦ ከሆነ ግን ከወራት በኋላ ይድገም።

አንቲቦዲ ኔጌቲቭ ሆኖ ሐኪሙ አሁንም ሲጠራጠር ሁለት ነገር ያስባል። አንደኛ፣ አንቲቦዲ ለመታየት ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 11 ሳምንት ይወስዳል፤ አር ኤን ኤ ግን በ1 ወይም በ2 ሳምንት ይታያል። ባለፈው ወር የተጋለጠ ሰው ዛሬ ኔጌቲቭ ቢባል አያስተማምንም። ሁለተኛ፣ በኤች አይ ቪ ወይም በሌላ ምክንያት የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው አንቲቦዲውን ላያመርት ይችላል።

«ተገኝቷል፣ ግን ለመቆጠር ያንሳል» የሚል ውጤትም ይመጣል። ቫይረሱ አለ፣ መጠኑ ግን ማሽኑ በልበ ሙሉነት ከሚቆጥረው በታች ነው ማለት ነው። ይህ ሲሆን ምርመራው ይደገማል እንጂ እንደ ኔጌቲቭ አይቆጠርም።

እናቲቱ ቫይረሱ ካለባት ሕፃኑ አንቲቦዲዋን በማህፀን ይወርሳል። ስለዚህ 18 ወር ሳይሞላው በአንቲቦዲ ኪት ፖዘቲቭ ቢሆን የሚያሳየው የእናቱን ታሪክ ነው። ሕፃኑ ራሱ መያዙን ቀደም ብሎ ማወቅ የሚቻለው በአር ኤን ኤ ነው። ታክሞ የዳነ ሰው ደግሞ በአንቲቦዲ ኪት ደጋግሞ ቢመረመር ሁልጊዜ ፖዘቲቭ ነው፤ «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ ተስፋ እንዳይቆርጥ። መዳኑ የሚረጋገጠው መድኃኒቱን ከጨረሰ ከ12 ሳምንት በኋላ በሚደረግ የአር ኤን ኤ ምርመራ ነው። የዳነም ሰው ግን እንደገና ከተጋለጠ እንደገና ሊያዝ ይችላል።

የጉበት ኢንዛይም ምርመራ ጥሩ ስለሆነ ብቻ «ነጻ ነኝ» የሚልም አለ። ቫይረሱ እያለ ኢንዛይሙ ለዓመታት ደህና ሊመስል ይችላል። ዓይን ቢጫ እስኪሆን መጠበቅም አይጠቅምም፤ የወፍ በሽታ የምንለው ቢጫነት በአብዛኞቹ የሄፓታይተስ ሲ ሕሙማን ላይ መጀመሪያ ላይ አይታይም።

ከአርቦሬ እስከ ማሽኑ

ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ግን ማሽኑ ያለው ሩቅ ነው። ሪፈር የተጻፈለት የአርቦሬ ሰው ከብቱን ለማን ትቶ፣ በምን ገንዘብ ተሳፍሮ፣ ማን እያስተረጎመለት ይሄዳል? ብዙዎች በመጀመሪያውና በሁለተኛው ምርመራ መካከል ይቀራሉ። በሽታው ያለበት ሳይታከም ይቀራል፤ የሌለበትም «የጉበት በሽተኛ» ተብሎ ይኖራል።

ለዚህ የተሞከሩ መላዎች አሉ። አንደኛው ሰውየውን ሳይሆን ደሙን መላክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ባወጣው መመሪያ በወረቀት ካርድ ላይ የደረቀ የደም ጠብታ ለማረጋገጫ ምርመራ ሊያገለግል እንደሚችል ገልጿል። ሁለተኛው፣ በመጀመሪያው ቀን ሁለት ናሙና ወስዶ፣ ኪቱ ፖዘቲቭ ካለ ሁለተኛውን ናሙና ሰውየውን ሳያመላልሱ ወደ ማሽኑ መላክ ነው። የዞኑና የክልሉ ጤና ኃላፊዎች እዚህ ካላችሁ ጥያቄዬን በግልጽ ላቅርብ፦ ሁለተኛው ምርመራ ያልታሰበበት የመጀመሪያ ምርመራ ለሕዝቡ ጭንቀት ያተርፋል። ኪት ሲታዘዝ ማረጋገጫውም አብሮ ይታቀድ።

ውጤቱ እስኪመጣ በቤት ውስጥ

መልሱ እስኪመጣ ድረስ ሰውየው ከቤተሰቡ ጋር እንዴት ይኑር? እንደ ወትሮው። ሄፓታይተስ ሲ በደም እንጂ በምግብ፣ በመጨባበጥ፣ በመተቃቀፍ፣ በጡት ወተት አይተላለፍም። በቅል የሚዞረውን ሸፈሮ ቡና አብሮ ይጠጣ፤ ማንም ቅል አይለይበት። የሚለየው ደም የሚነካው ነገር ነው፦ ምላጭ፣ መርፌ፣ የጥርስ ብሩሽ። ግርዛት፣ የገላ ጥለት፣ የጥርስ ነቀላ፣ እንጥል ቆረጣ፣ በአንድ ምላጭ ለብዙ ሰው ሲደረጉ ቫይረሱ መንገድ ያገኛል። በየመንደሩ እየዞረ መርፌ የሚወጋ ሰው ካለም አዲስ መርፌ ከማሸጊያው ሲወጣ ሳታዩ ክንዳችሁን አትስጡ። እስኪረጋገጥ ድረስ ደም አለመለገስ፣ ከአረቄና ከሌላ መጠጥ መቆጠብ፣ ጉበት ያድሳል ተብሎ የሚሰጥ ሥር ቅጠል አለመጠጣት ይበጃል።

ወረቀቱን ይዛችሁ ባለሙያ ፊት ስትቀርቡ ሦስት ነገር ጠይቁ። የተመረመርኩት ለአንቲቦዲው ነው ወይስ ለቫይረሱ? የሄፓታይተስ ቢ ውጤቴስ ምን ይላል? ሁለተኛው ምርመራ የት፣ መቼ ይደረግልኛል? እናንተ ባለሙያዎችም ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱን ሳትጠየቁ በወረቀቱ ላይ ጻፉት፤ «ማረጋገጫ ያስፈልገዋል» የሚለውን በአማርኛ ጨምሩበት። ያ የአርቦሬ ጎልማሳ ቤቱ ሲገባ ለሽማግሌዎቹ «ገና አልታወቀም፤ ደሜ ለሁለተኛ ምርመራ ሄዷል፤ ካለብኝም መድኃኒት አለው» ማለት ከቻለ የጤና ጣቢያው ሥራውን ሠርቷል።